የአሜሪካ ወታደር ዘመዳችሁ ጡረታ ሲወጣ፦ ሽኝቱ ላይ ለሚገኝ ቤተሰብ ዝርዝር መመሪያ

በአሜሪካ ጦር 20 ዓመትና ከዚያ በላይ አገልግሎ ጡረታ ለሚወጣ ሰው የሚደረገው ሽኝት ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ቤተሰብን የሚያደክመው ከዚያ በፊት ያለው ጣጣ ነው፦ የእንግዳ ስም ዝርዝር፣ መታወቂያ፣ የበር ፈቃድ፣ የሰዓት መምታታት። እናት ከአዲስ አበባ ድረስ መጥታ የልጇን ሽኝት ሳታይ የምትቀር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የምትቀረው የጦር ሰፈሩ በር ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ ስለ በሩ ከአዳራሹ ያላነሰ እንጽፋለን።

መጀመሪያ ተሸኚውን ጠይቁት

ሽኝቱ ግዴታ አይደለም። ወታደሩ "አልፈልግም" ብሎ ወረቀቱን ተቀብሎ መሄድ ይችላል። ከፈለገ ግን ቀኑን፣ ቦታውን፣ ሥነ ሥርዓቱን የሚመራለትን መኮንንና እንግዶቹን በአብዛኛው ራሱ ይመርጣል። ቦታው አዳራሽ፣ የጸሎት ቤት፣ ሙዚየም፣ የሰልፍ ሜዳ ወይም የመርከብ ወለል ሊሆን ይችላል።

ወታደሩ የሚያገለግልበት የጦር ክፍል ዝግጅቱን የሚያስተባብር አንድ ሰው ይመድባል። የዚህን ሰው ስልክ ቀድማችሁ ያዙ። ተሸኚው በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ዕቃ ሲያስረክብ፣ ሐኪም ቤት ሲመላለስና ወረቀት ሲያስፈርም ስለሚውል "አክስቴ ስሟ ገብቷል ወይ?" ብላችሁ እሱን ብትጠይቁት መልስ አታገኙም።

ከሁለት ወር በፊት ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ሽኝቱ የእሱ ብቻ ነው ወይስ የብዙ ሰዎች በአንድ ላይ? አንዳንድ የጦር ሰፈሮች ጡረታ ወጪዎችን ሰብስበው በአንድ ቀን ይሸኛሉ። እንዲህ ከሆነ ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰው ጥቂት ደቂቃና አንድ ፎቶ ነው፤ ረጅም ንግግርም አይጠበቅም። የራሱ ብቻ ከሆነ ግን የቤተሰብ ድርሻ ይኖራል፦ አበባ የሚቀበል፣ ባንዲራ የሚረከብ፣ ደረቱ ላይ ፒን የሚሰካለት። ማን ምን እንደሚያደርግ በስም ይወሰን። "ያኔ እናየዋለን" ከተባለ መድረኩ ላይ ሦስት እህትማማቾች ለአንድ እቅፍ አበባ ይነሣሉ።

ስለ ቀኑም አንድ ነገር እወቁ። የሽኝቱ ቀንና የጡረታው ቀን አንድ አይደሉም። ጡረታ በሕጉ ተፈጻሚ የሚሆነው ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ነው። ወታደር በዓመት 30 ቀን ዕረፍት ስለሚያገኝና ያልተጠቀመበትን መጨረሻ ላይ ስለሚወስደው፣ ሽኝቱ ከጡረታው ቀን ሁለትና ሦስት ወር ቀድሞ ሊደረግ ይችላል። ዕረፍቱ ሲቀያየር የሽኝቱም ቀን ይቀያየራል፤ የጡረታ ትእዛዙ ሳይወጣ ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት አትቁረጡ።

ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት

የግብዣ ወረቀቱ ላይ ሰዓት የሚጻፈው በወታደር አጻጻፍ ነው። 0900 ማለት በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ 1000 ከጠዋቱ 4፣ 1300 ከቀኑ 7፣ 1430 ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል። የሚያሳስተው 1000 ነው። ልጁ በስልክ "ነገ አሥር ሰዓት ላይ" ሲል እናት የምትሰማው ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓትን ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ አዳራሹ ተጠርጎ አልቋል። ለሽማግሌዎች "ጠዋት 4 ሰዓት" ብላችሁ በአማርኛ ጽፋችሁ ስጧቸው።

የእንግዳ ስም ዝርዝር

ዝግጅቱ ከሰፈሩ ውጪ፣ ለምሳሌ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ከሆነ ይህንንና የሚቀጥሉትን ሁለት ክፍሎች ዝለሏቸው፤ ከኢትዮጵያ የሚመጣ እንግዳ ካላችሁ ግን ስለ ቪዛ የተጻፈውን አንብቡ። ሰፈሩ ውስጥ ከሆነ ግን የወታደር ቤተሰብ መታወቂያ የሌለው አዋቂ እንግዳ ሁሉ ስሙ ቀድሞ ገብቶ ይጣራል፤ በሩ ላይ ያለው ዘብ የሚያየው ዝርዝሩን እንጂ ሙሽራ የመሰለ ልብሳችሁን አይደለም።

ስም ስትልኩ ከፓስፖርቱ ወይም ከመንጃ ፈቃዱ ፊደል በፊደል ቅዱ። እኛ ጋ የሚበላሸው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛው የቤት ስም ነው፤ ሁሉም "እታለም" የሚላት ሴት ፓስፖርቷ ላይ ሌላ ሰው ናት። ሁለተኛው የአባትና የአያት ስም ነው፤ ቅጹ "የቤተሰብ ስም" ሲል አንዱ የአባቱን ይጽፋል፣ ሌላው የአያቱን። ፓስፖርቱ በቤተሰብ ስም መስመር ላይ ያስቀመጠው የትኛውን እንደሆነ አይታችሁ ያንኑ ጻፉ። ሦስተኛው የልደት ቀን ነው። አሜሪካኖች ወርን ከቀን አስቀድመው ስለሚጽፉ 05/04/1958 ለእነሱ ሜይ 4 ነው፣ ለእናንተ ግን ኤፕሪል 5 ሊሆን ይችላል። ወሩን በፊደል ጻፉት። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ዓመት ደግሞ ፈጽሞ አይግባ፤ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ያለው ሰው ሌላ ሰው ነው።

ከኢትዮጵያ የሚመጣ እንግዳ

ሁለት የተለያዩ ፈቃዶች አሉ፤ ሰዎች አንዱን ካገኙ ሌላውም ያለቀ ይመስላቸዋል። የመጀመሪያው ቪዛ ነው። የጉብኝት ቪዛ፣ ቢ-2 የሚባለው፣ የሚጠየቀው ዲኤስ-160 በሚባለው ቅጽ ነው፤ ውሳኔው የቆንስሉ ነው። ከወታደሩ የሚጻፍ የግብዣ ደብዳቤ የጉዞውን ምክንያት ያስረዳል እንጂ ቪዛ አያስገኝም። የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ሊርቅ ስለሚችል የሽኝቱ ወር እንደታወቀ ጀምሩ።

ሁለተኛው የሰፈሩ የመግቢያ ፈቃድ ነው። የአሜሪካ ዜግነት የሌለው ጎብኚ ተጨማሪ ማጣራት ይደረግበታል፤ የፓስፖርት ቁጥርና ዜግነት ቀድሞ ይላካል፣ ብዙ ቦታ ደግሞ ከገባ እስኪወጣ አብሮት የሚሆን አጃቢ ይመደባል። ግሪን ካርድ ያለውን ሰው አያያዝ በየሰፈሩ ይለያያል፤ በግምት ከመሄድ አስተባባሪውን ጠይቁ። ስሙን ከሽኝቱ ከስድስት ሳምንት በፊት ብትልኩ መልካም ነው። በመጨረሻው ሳምንት የሚላክ የውጭ ዜጋ ስም ብዙ ጊዜ መልስ ሳያገኝ ቀኑ ይደርሳል።

መታወቂያና መኪና

ከሜይ 7 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሪል አይዲ ሕግ ሥራ ላይ ስለዋለ ተራ መንጃ ፈቃድ ለበሩ አይበቃም። ካርዳችሁ ቀኝ ጥግ ላይ የኮከብ ምልክት ካለው ሪል አይዲ ነው። ከሌለው ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርት ያዙ። ፎቶ ኮፒና በስልክ የተነሣ ፎቶ ዋጋ የላቸውም።

ሹፌሩ መንጃ ፈቃድ፣ የመኪናውን ምዝገባና ኢንሹራንስ ይያዝ፤ የኪራይ መኪና ከሆነ የኪራይ ውሉን። ኡበር ላይ አትተማመኑ፤ ሹፌሩ የራሱ መግቢያ ከሌለው በር ላይ ያወርዳችኋል፣ ከበሩ እስከ አዳራሹ ደግሞ ኪሎ ሜትሮች ሊሆን ይችላል።

መኪናውን ከማታው ፈትሹ። የጦር መሣሪያ፣ ግዛቱ የመያዝ ፈቃድ ቢሰጣችሁም፣ አይገባም። ማሪዋና በግዛቱ ሕግ ቢፈቀድም ሰፈሩ የፌዴራል መሬት ስለሆነ በዚያ ክልክል ነው፤ የወንድም ልጅ ኪስ ውስጥ የተረሳች አንዲት ቁራጭ የመላውን መኪና ጉዞ ታበላሻለች። በሩንና ዘቦቹን ፎቶ አታንሱ። እየነዳችሁ ስልክ አትያዙ። የሚሮጥ ወይም የሚሰለፍ ጭፍራ ስታዩ በጣም ቀንሱ።

ልብስ

ግብዣው ላይ ለሲቪል ምን እንደተባለ እዩ። ብዙውን ጊዜ ለወንድ ኮትና ክራቫት፣ ለሴት ለቢሮ የሚሆን ልብስ ነው፤ የሐበሻ ቀሚስም ሙሉ በሙሉ የተገባ ነው። ሣር ላይ ከሆነ ቀጭን ታኮ መሬት ውስጥ ይገባል፣ ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ። ፀሐይ ላይ ከሆነ ለሽማግሌዎች ውኃና የጥላ ቦታ ጠይቁ። በሥነ ሥርዓቱ ብዙ ጊዜ መነሣት ስላለ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ተቀምጦ ቢቆይ ማንም አይከፋም፤ ዳር ላይ እንዲቀመጥ ብቻ አድርጉ።

ጠዋቱ

ሥነ ሥርዓቱ 1000 ላይ ነው እንበል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ቪዚተር ሴንተር ሁኑ፤ እዚያ ወረፋ፣ ፎቶና የመግቢያ ወረቀት አለ። ከ3 ሰዓት ከ20 በፊት አዳራሹ ጋ ድረሱ፤ የመኪና ማቆሚያና መጸዳጃ ቤት ጊዜ ይበላሉ። ከሩብ ጉዳይ ለ4 ጀምሮ ተቀምጣችሁ ጠብቁ። ሁሉም መኪና ተከታትሎ መሄዱ ጥሩ ነው ግን እያንዳንዱ የራሱ ወረቀት ይያዝ፤ የፊተኛው ስለገባ የኋለኛው አይገባም።

ወታደሮች በተባለው ደቂቃ ይጀምራሉ። ዘግይታችሁ ከደረሳችሁ መዝሙሩና ጸሎቱ እስኪያልቅ በር ላይ ቁሙ፤ "እባክዎ ይቀመጡ" ሲባል በጀርባ በኩል ግቡ።

አዳራሹ ውስጥ፦ መቼ መነሣት፣ መቼ ዝም ማለት

የሥነ ሥርዓቱ ንግግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጽፎ የሚነበብ ነው። ይህን ጽሑፍ ከአስተባባሪው ቀድማችሁ ለምኑት። ከዚያ እንግሊዝኛ ለማይሰሙ ዘመዶች በአንድ ገጽ ላይ በትልልቅ ፊደል እንዲህ ያለ ማስታወሻ አዘጋጁላቸው፦

"ፕሊዝ ራይዝ" — ተነሡ።
"ፖስት ዘ ከለርስ" — ባንዲራ እየገባ ነው፣ ቆማችሁ ቆዩ፣ አታውሩ።
"አቴንሽን ቱ ኦርደርስ" — ትእዛዝ እየተነበበ ነው፣ ዝም በሉ፣ አታጨብጭቡ።
"ፕሊዝ ቢ ሲትድ" — ተቀመጡ።

እነዚህን አራት የሚያውቅ ሰው ግራ አይጋባም። አጠገቡ የሚተረጉም ሰው ካለ ተናጋሪው ዓረፍተ ነገሩን ሲጨርስ በጆሮው ይንገረው፤ እኩል መተርጎም ሦስት ረድፍ ድረስ ይሰማል።

መጀመሪያ መሪው መኮንንና ተሸኚው ሲገቡ ሁሉም ይነሣል። ባንዲራ ያዢዎቹ ይገባሉ፣ ብሔራዊ መዝሙር ይዘመራል። በመዝሙሩ ጊዜ ፊታችሁን ወደ ባንዲራው አዙሩ፣ ቀኝ እጃችሁን ግራ ደረታችሁ ላይ አድርጉ። የወንድ ኮፍያ ይወልቃል። የሌላ አገር ዜጋ ቀጥ ብሎ መቆሙ ይበቃል። በወታደር ሰላምታ እጅ ማንሣት የወታደሮችና የቀድሞ ወታደሮች ነው፤ ሲቪል ዘመድ ለክብር ብሎ ባያደርገው ይሻላል። ካህን ወይም ፓስተር ጸሎት ካደረገ የሚካፈል ይካፈላል፣ የማይካፈል በጸጥታ ይቆማል።

ከዚያ የመሪው ንግግር ይከተላል፣ ቀጥሎም ሜዳሊያና ወረቀቶች። የሜዳሊያው ጽሑፍ ሲነበብ ወታደሮቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ሲቪሉ መቆም አለመቆሙን በፊተኛው ረድፍ ተመልክታችሁ ተከተሉ። ጭብጨባና እልልታ ሜዳሊያው ተሰክቶ እጅ ለእጅ ከተጨባበጡ በኋላ ነው። ከሜዳሊያው በኋላ የጡረታ ትእዛዙ፣ የጡረታ ምስክር ወረቀቱ፣ በፕሬዚዳንቱ ስም የሚሰጠው የምስጋና ወረቀት ይመጣሉ። ለባለቤቱም የምስጋና ወረቀት ይሰጣል።

እዚህ ላይ የስም አጠራር ይመጣል፣ ሰነፍ አትሁኑበት። አንባቢው ሚስቱን በባሏ ስም፣ እናቱንም በልጇ የቤተሰብ ስም መጥራቱ የተለመደ ነው፤ የእኛ ሴቶች ስማቸውን እንደማይለውጡ አያውቅም። ጽሑፉ ላይ የእያንዳንዳቸው ትክክለኛ ሙሉ ስም መግባቱን አረጋግጡ። ጸ፣ ጠ፣ ቀ ያለበትን ስም በጽሑፍ ማስረዳት ልፋት ነው፤ ስሙን ቀስ ብላችሁ ሦስት ጊዜ ጠርታችሁ በድምፅ መልእክት ላኩለት።

ባንዲራው የሚሰጥበት ክፍል ከሁሉም ጸጥ የሚል ነው። ጡረታ የወጣ ወታደር ባንዲራ የሚያገኘው በሕግ ነው። በብዙ ሽኝት ላይ ወታደሮች በማዕረግ ቅደም ተከተል ተሰልፈው፣ የታጠፈውን ባንዲራ ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፉ፣ በጣም በዝግታ ሰላምታ ይሰጡታል። ደቂቃዎች ይፈጃል፣ ማንም አይናገርም፣ ማንም አያጨበጭብም። ልጅ ካለቀሰ ይዞ የሚወጣ ሰው ቀድሞ ይመደብ።

ተሸኚው ብዙ ጊዜ ባንዲራውን ለእናቱ ወይም ለባለቤቱ ያስረክባል። የምትቀበሉ ከሆነ ከወንበር ተነሡ። ባንዲራው 13 ጊዜ ታጥፎ ባለ ሦስት ማዕዘን ሆኖ፣ ከዋክብት ያሉበት ሰማያዊው ብቻ እየታየ ነው የሚመጣው። አንድ እጅ ከታች፣ አንድ እጅ ከላይ አድርጋችሁ ደረታችሁ ጋ ያዙት። ስትቀመጡ ጭናችሁ ላይ ይሁን፤ ብብት ውስጥ አይገባም፣ ወንበር ላይ አይጣልም፣ መሬት ላይ አይቀመጥም። እጥፉን ለማየት አትፍቱት፤ መልሳችሁ ማጠፍ ይከብዳችኋል።

መጨረሻ ላይ ተሸኚው ይናገራል። ስማችሁን ጠርቶ ሲያመሰግን ከመቀመጫችሁ ብድግ ብላችሁ እጅ ብትነሡ ይበቃል፤ ወደ መድረክ መውጣት የሚቻለው ከተጠራችሁ ነው። የክፍሉ መዝሙር ሲዘመር እንደገና ቁሙ፤ መሪው ወጥቶ እስኪያልቅ አትንቀሳቀሱ።

ባሕር ኃይል ከሆነ

የባሕር ኃይል ሽኝት ወግ ይበዛዋል። ሁለት ረድፍ መርከበኞች ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ ደወል ይደወላል፣ በቀጭን ፊሽካ ይነፋል። የሚቆሙት ቁጥር በማዕረግ ነው፤ ከፍ ላሉ መኮንኖች 4፣ 6 ወይም 8፣ ለሌላው 2። በመጨረሻ ተሸኚው ከመርከብ ለመውረድ ፈቃድ ጠይቆ በረድፎቹ መካከል ያልፋል፤ ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ አብሮት ወይም ተከትሎት ይሄዳል። ይህን ከአንድ ቀን በፊት ወይም ጠዋት ላይ አንዴ ተለማመዱት። መርከበኞቹ ሰላምታ የሚሰጡት ለእሱ ስለሆነ አትመልሱላቸው፣ በመሃል ቆማችሁ ፎቶ አታንሱ።

በማዕረግ ስም አትሳቱ። የምድር ጦር ካፒቴን የእኛ ሻምበል ነው፤ የባሕር ኃይል ካፒቴን ግን በደረጃ ከኮሎኔል ጋር እኩል ነው። የባሕር ኃይሉን ካፒቴን ለአባት "ሻምበል ናቸው" ብላችሁ ብታስተዋውቁ፣ በመካከል ሻለቃና ሌተና ኮሎኔል ስላሉ፣ ሦስት ማዕረግ ዝቅ አድርጋችኋቸዋል ማለት ነው።

ፎቶና ስጦታ

ስልክ ድምፅ አልባ ይሁን። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ብቻ ቆሞ እንዲያነሣ መድቡ፣ የት መቆም እንደሚችልም አስተባባሪው ያሳየው። ሁሉም ስልኩን ካነሣ መድረኩን የሚያየው ስክሪን ብቻ ነው። የቤተሰብ ፎቶ ባንዲራዎቹ ከመድረክ ሳይነሡ ይነሣ፣ ሽማግሌዎች ያሉበት ትልቁ ፎቶ መጀመሪያ። ለሰላምታ በተሰለፋችሁ ጊዜ እቅፍና ሁለት ቃል ይበቃል፤ ኋላችሁ ሃምሳ ሰው አለ።

ስጦታ ከቤተሰብ ሲሆን ችግር የለውም። ነገር ግን ከእሱ በታች የሚሠሩ ወታደሮችን ለመዋጮ አትጠይቁ። ለአለቃ የሚሰጥ ስጦታ በሥነ ምግባር ደንብ የተገደበ ነው፤ እናንተ በደግነት የጀመራችሁት ለእሱ ጥያቄ ያመጣበታል። የባንዲራ ሳጥን መስጠት ካሰባችሁ የባንዲራውን ልክ መጀመሪያ ጠይቁ። ገበያ ላይ በብዛት ያለው ትልቁ ሳጥን የተሠራው በቀብር ላይ ለሚሰጠው 5 በ9 ተኩል ጫማ ባንዲራ ነው፤ ትንሹን ባንዲራ ውስጡ ብታስቀምጡት ይንቀዋለላል።

ለባለቤት ብቻ

በሽኝቱ ግርግር የሚረሱ ሁለት ወረቀቶች አሉ። አንደኛው ወታደሩ ሲሞት ጡረታው ለትዳር ጓደኛው የሚቀጥልበት ዕቅድ ነው፤ ሙሉው ሽፋን የጡረታውን 55 በመቶ ይከፍላል። ወታደሩ ከሙሉው ሽፋን ለመቀነስ ወይም ለመተው ቢፈልግ የባለቤቱ ፊርማ ያስፈልጋል፣ ያም ከጡረታው ቀን በፊት ነው። ያልገባችሁን ወረቀት "ዛሬ ደስታ ነው" ብላችሁ አትፈርሙ። ሁለተኛው የትራይኬር ጤና መድን ነው። ጡረታ ሲወጣ ሽፋኑ ራሱ አይቀጥልም፣ በ90 ቀን ውስጥ እንደገና መመዝገብ አለባችሁ። የምትቆጥሩት ከጡረታው ቀን እንጂ ከሽኝቱ ቀን አይደለም።

ወደ ቤት ሲመለሱ

ጓደኞቹ ሜዳሊያዎቹንና ማዕረጎቹን በመስታወት ሳጥን አድርገው ከሰጡት ሳጥኑ ለአውሮፕላን የእጅ ሻንጣ ልክ ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ በጭነት ክፍል ከገባ ደግሞ መስታወቱ ይሰነጠቃል። በጠንካራ ካርቶን አሽጋችሁ በኢንሹራንስ ላኩት። ከመታሸጉ በፊት ከፊት ለፊት ፎቶ አንሡት፤ ሪባኖቹ ከቦታቸው ቢላቀቁ ቅደም ተከተላቸውን የምትመልሱት ከዚያ ፎቶ ነው። ባንዲራው ግን በእጅ ሻንጣ ይገባል፣ ከእናት ጋር።